ባለ ዛላው ካራሜል

ቅዳሜ ነበረ፣ ቅበላ ሲቃረብ፤
ደመወዝ በእጃችን፣ ሥጋውን ማን ይቅረብ?
ኪሎውን ጠይቀን፣ ዝም ብለን አለፍን፤
ከልኳንዳው ማዶ፣ ምንይችል ሱቅ አረፍን።

ገና ከደጃፉ፣ ሲያየን አስነጠሰ፤
«ይማርህ» ሳንለው፣ እንባውን አበሰ።
ስሙ ምንይችል ነው፤ ምን ይችላል እሱስ፣
ሰባት ዓመት ሙሉ፣ እኛ ስንመላለስ?
የቡሬ በርበሬ፣ ከጥፍራችን ሥር ነው፣
በአመድም በሎሚም፣ ታጥበን የማይለቀው።
ዐይን የማንነካ፣ ልጅ የማንዳብስ፣
ቢበላን ግንባሩ፣ በክርን የምናብስ።

«አዲስ ነገር አለ» አለን ከባንኮኒው፣
ከባሕር ዳር የመጣ ካርቶን እየቀደደ።
«ካራሜል ቸኮላት፤ ቀኑ እየገፋ ነው፣
ለእናንተ በግማሽ፤ ለሌላ ሰው አልለው።»

የላዩ ጽሑፍ የባዕድ ነው፤ ማን ያንብበው?
ሥዕሉን አይተን ነው፣ ጣዕሙን የገመትነው፤
ሐምራዊ አበባ፣ ነጭ የጨው እንክብል፣
አንዱ ደግሞ ዝንጅብል፣ ወይም ሥር የሚመስል፣
አንዱ ግን...
እናንዬ ጮኸች፦ «እዩት! የኛ ዛላ!
ስንለቅም የዋልነው፣ ሆኖ ከረሜላ!»

«ማነው ጉዱ?» አለች ትሁነኝ እየሳቀች፣
«ስኳር ላይ በርበሬ የሚነሰንስ?
ጎረቤት ቢጣላ እንኳ እንዲህ አይደረግም።»
ከየዓይነቱ ሁለት ገዛን።

አበባውን ቀመስን። ሳሙና ሳሙና አለን፤
ያውም የእንግዳ ሳሙና፣
ከሳጥን የማይወጣ።
ጨዋማውን ቀመስን፤ መጀመሪያ ጨው ነው፣
ከዚያ ጣፋጩ መጣ፣ ከጨው ሥር አድፍጦ፤
እናንዬ ዐይኗን ከደነች፣
«ያለቀሰ ሰው ከንፈር ነው» አለች።
የማንን ከንፈር እንደሆነ አልጠየቅናትም።
ዝንጅብሉ ጉንፋን አስታወሰን፤ ተቻኩለን ዋጥነው።

ግን ሁሉም፣ ጉሮሮ ላይ ሲደርስ፣ ያቃጥላል።
አበባው ያቃጥላል። ጨዉ ያቃጥላል።
ወረቀቱን የፈታው ጣታችን ነዋ!

ባለ ዛላውንም፣ ለሦስት ቆረስነው፤
ከፋብሪካው ይሁን፣ ከእጃችን ይሁን፣ በምን እንለየው?
«ለኛማ አንድ ነው» አልኩ፣ «በከንቱ ከፈልን፤
በርበሬ እንደሆነ፣ በነጻ እንበላለን።»

ትሁነኝ አንዷን ግን ሳትፈታ ያዘች።
በሩ ላይ ልጇ ነች፣ ማስተዋል፣ ስድስት ዓመቷ፣
የፊት ጥርስ የሌላት፣
እናቷን ልትቀበል ከጎረቤት የወጣች።
«ምንይችል፣ በሞቴ፣ አንተ አጉርስልኝ፤
የኔ እጅ ያቃጥላል።»

እሱም እጁን ታጥቦ፣ በፎጣ አደራርቆ፣
ወረቀቱን ፈታ፣ በጥፍሩ ጠንቅቆ፤
አፏ ውስጥ ሲያኖራት
የኛም አፍ፣ ሳናውቀው፣ አብሮ ተከፈተ።

ያኔ ነው ወረቀቱን ከባንኮኒው ላይ ያየሁት፤
ቀይ፣ ቆልመም ያለ።
«ትሁነኝ! ዛላው ነው!»

ማስተዋል አኘከች። ቆመች። ዐይኗ ፈጠጠ።
ምንይችል፣ ውሃ ሊያመጣ፣ ወደ ጓዳ ሮጠ።
ለቅሶ ስንጠብቅ
ምላሷን አውጥታ ከንፈሯን ላሰች፣
ቀና ብላ እናቷን አየች፣
«እማዬ እማዬ ይላል» አለች።

ትሁነኝ እጆቿን ከነጠላዋ ሥር ደበቀች።
ቆይታ አወጣቻቸው።
ልጅቷ አንዱን ጣት ያዘች፣ በጭብጧ ሙሉ፣
ማንም «ተይ» አላላትም።

ሂሳብ ስንከፍለው፣ ብራችንን ሲቆጥር፣
ምንይችል እንደገና አስነጠሰ፣ አከታትሎ።
«ይማርህ!» አልነው፣ አሁን በሦስት አፍ፤
«ያኑራችሁ» አለን፣ በእንባው መሐል፣
መልሱን ሳያየው እየዘረጋ።

መንገድ ላይ ስንቆጥረው፣ አምስት ብር ተርፏል።
ተያየን።
አልመለስንለትም፤
ነገ ቅበላ ነው።